በጾም የተሰማው ጽናጽል

ደባርቅ ላይ የነበረችኝን ሱቅ የዘጋሁት ጆሮዬ ጡረታ ስለወጣ ነው። እኔ ራሴ ገና ነበርኩ። እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ዐይኔ በመነጽር ሆኖ መርፌ ያገባል፤ ምላሴን ደግሞ እናንተው ትፈርዳላችሁ። ጆሮዬ ግን ሳያማክረኝ ሥራውን ለቀቀ። ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር አሉ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ወይም ነግረውኛል፤ አልሰማኋቸውም።

ስሜ ደሳለኝ ነው። ደባርቅ መጥታችሁ "ደሳለኝ የት ነው?" ብትሉ ማንም አያውቀኝም፤ "ደሳለኝ ሬዲዮ" ካላችሁ ግን የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር ቤቴን ያሳያችኋል። ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁት አንድ ሥራ ነው፤ ያልተጠራ ድምፅ ማባረር። የሞተ ሬዲዮ ማስነሣት ቀላል ነው፤ የተቃጠለውን ፈልጎ መቀየር ነው። አስቸጋሪው ዕቃው እየሠራ ሲያጉረመርም፣ ሲያፏጭ፣ ሲነጫነጭ ነው። ያኔ የሚፈለገው የተሰበረ ነገር ሳይሆን የሚያማ ነገር ነው፤ ሐሜተኛን መያዝ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ አስቀድሜ ልናገር። ሽማግሌ ብዕር ሲያነሣ ይመርቃል፣ ይመክራል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ሌላ ሽማግሌ ይፈልግ። የተናደድኩት ጎንደር ላይ ዕቃ በሚሸጥ አንድ ነጋዴ፣ ደባርቅ ላይ ዜማ በሚያስተምሩ አንድ መሪጌታና ሁለቱን በሚያስንቅ በራሴ ግትርነት ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ በየነ ናቸው። በሠራዊቱ ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው ጎንደር ከተማ ጠባብ ክፍል ተከራይተው የተቀመጡ ሰው ነበሩ። ቁጡ ናቸው። ደንበኛ ሬዲዮውን ታቅፎ ገብቶ "ጋሼ፣ ይጮህብኛል" ሲላቸው መፍቻ አያነሡም። ወንበራቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለሬዲዮው ሰጥተው ይቀመጣሉ።

"ጣቢያ አታስገባ" ይሉኛል። "ድምፁን እስከ መጨረሻው ክፈተውና ዝም በል።"

"ምንም እኮ የለም ጋሼ።"

"እሱን ነው የምሰማው።"

ያ ባዶ ድምፅ ለእርሳቸው ከዜናው የበለጠ ይናገራል። ወፍራምና ወጥ ሆኖ ካጉረመረመ ከመብራቱ ነው፤ ከተንኮሻኮሸ የላላ ብየዳ አለ፤ መኪና ሲያልፍ ከጨመረ ከውጭ የገባ ነው። ሁለተኛው ልማዳቸው የባሰ አሰልቺ ነበር። አንድ ነገር ይነቅላሉ፤ ያዳምጣሉ፤ መልሰው ይሰኩታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌላውን የሚነቅሉት። አንድ ቀን ቶሎ ጨርሼ ምሳ ልበላ ብዬ ሁለት ሽቦ አንድ ላይ ነቀልኩና ጩኸቱ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ጠራኋቸው።

"የትኛው ነበር?" አሉኝ።

"እንጃ ጋሼ። ዋናው መቆሙ ነው።"

"እንጃ ካልክ አልቆመም፤ ተደብቋል። ሁለቱንም መልስና እንደ ሰው ሥራ።"

ምሳዬን ማታ በላሁ። ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ የመጀመሪያውን ቅጂ አይነኩም። ሰው ካሴት ሲያመጣላቸው እጃቸውን ታጥበው ወደ ሌላ ካሴት ይገለብጡታል፤ የሚሞክሩትን ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሞክራሉ። እኔ ከእነዚህ ልማዶች ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ አጥብቄ ይዤ ኖርኩ። የቀሩትን መተው ምን እንዳመጣብኝ እነግራችኋለሁ።

ከጋሽ በየነ ቤት ወጥቼ የትምህርት ቤት ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። ያኔ ተማሪ ትምህርቱን በሬዲዮ ይከታተል ነበር። ከዳባት እስከ አምባራስ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሬዲዮ አለው፤ ሬዲዮው የሚናገርበት ግን ጥቂት ነው። መሣሪያዬን በበቅሎ ጭኜ እዞራለሁ። ጊች ላይ ጤዛው ሬዲዮው ሆድ ውስጥ ገብቶ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል፤ የገብስ እብቅ ደግሞ የድምፅ መጨመሪያው ውስጥ ይሸጎጥና ሲያዞሩት እንደሚቆረጠም ቆሎ ያንከሻክሻል። ዛሪማ ስወርድ በሙቀት የቀለጠ ሰም ከሽቦ ላይ ስፍቅ እውላለሁ። ደመወዙን አትጠይቁኝ፤ በወር አንድ ጊዜ ያስቀኝ ነበር።

አለቃችን ሬዲዮ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ዘዴ አገኘሁ አለ። ሬዲዮኖቹን ሳጥን ውስጥ አስቆለፈባቸው። ዓመቱ ሲያልቅ "ዘንድሮ አንድም ብልሽት አልደረሰም" ብሎ ሪፖርት አቀረበ፤ እውነቱን ነው። በዚህ ተሾመ። እኔ በዚያው ዓመት የሳጥኖቹን ቁልፍ ዘይት ስቀባ ከረምኩና ተናድጄ ለቀቅኩ፤ ደባርቅ ላይም የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። የሚገርመኝ፣ በሕይወቴ የረባ ነገር የሠራሁት ሁሉ ስናደድ ነው። በደስታ የሠራሁት ተመልሶ ለጥገና መጥቷል።

በሱቋ ውስጥ ዘመኑ እየተቀያየረ በፊቴ አለፈ። ሬዲዮ፣ ከዚያ ካሴት፣ ከዚያ ሲዲ፣ ከዚያ ስልክ። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ መሥራት ስጀምር ጆሮዬን ከማጉያው ቀንድ አፍ አጠገብ አድርጌ "አንድ፣ ሁለት" እያልኩ ስጮህ ኖርኩ። ቀንዱ ሲያረጅ ቀየርኩት፤ ጆሮዬ ሲያረጅ የሚቀየር መለዋወጫ አልመጣም። በመጨረሻ ጥገና የሚባለው ነገር ራሱ ተናቀ። "ጣለውና አዲስ ግዛ" የሚል ወጣት ሱቅ ከሱቄ ፊት ለፊት ተከፈተ። እዚያም ገብቼ የጆሮ ማዳመጫ ገዝቻለሁ። ይኸውላችሁ፣ ንዴቴም ቢሆን ጽናት የለውም።

አሁን ወደ ዳባት እንሂድ፤ የሥራ ዘመኔ ያለቀው እዚያ ነው።

መሪጌታ ጥበቡ ዳባት ላይ ዜማ ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸው በግቢያቸው ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። የእርሳቸው መምህር የኔታ ወልደ ሰማያት ካረፉ ዘመን ሆኗል፤ ድምፃቸው ግን አልጠፋም። ጋሽ በየነ እኔን ከማወቃቸው በፊት፣ በአንድ ዐቢይ ጾም፣ የኔታ ቤት ድረስ ሄደው የጾሙን ዜማ በካሴት ቀድተውት ነበር። ጋሽ በየነ ሲያርፉ ካሴቱ ለእኔ ደረሰ፤ እኔም ሳይበሰብስ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ለመሪጌታ ጥበቡ ሰጠኋቸው።

በዚያ ዜማ ውስጥ ጠብ ያስነሣ አንድ ቦታ አለ። መሪጌታ ጥበቡ ከየኔታ እንደተቀበሉት ቃሉን በርክርክ ያወርዱታል፤ ድምፁ እየተርገበገበ፣ ውኃ ከድንጋይ ድንጋይ እንደሚወርድ ዝቅ ዝቅ ይላል። ደባርቅ ላይ የሚያስተምሩት መሪጌታ አስረስ ደግሞ ያንኑ ቦታ በደረት፣ በወፍራም ድምፅ ዘርጋ አድርገው ያልፉታል። ሁለቱም የየኔታ ተማሪዎች ነበሩ። አስረስ ቀድመው ገብተው፣ ጥቂት ቆይተው፣ ተጣልተው ሄዱ። ጥበቡ ኋላ መጥተው እስከ መጨረሻው ቆዩ። አስረስ "ለእኔ በደረት ነው ያስተማሩኝ፤ በስተርጅና ለውጠውት ከሆነ እንጃ" ይላሉ።

ለእናንተ ትንሽ ነገር ነው። ለተማሪው ግን ትልቅ ነው፤ ዕውቀቱ ሲመዘን ከመዛኞቹ አንዱ መሪጌታ አስረስ ናቸው። የዳባት ተማሪ እዚያ ቦታ ሲደርስ "በቃህ፣ ተመለስ" ይሉታል። የተመለሰ ተማሪ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ሌላ መምህር ደጅ ይሄዳል። የመሪጌታ ጥበቡ ግቢ ጎጆዎች አንድ በአንድ ባዶ መሆን ጀመሩ። እንዲህ ከቀጠለ ጉባኤው ይታጠፋል።

ልጃቸው ስንዱ ጎንደር ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። "መሪጌታ አስረስ የየኔታን ድምፅ ራሳቸው ይስሙት" አለች። በላፕቶፑ የራሱ እስፒከር ሲሰማ የኔታ ጣሳ ውስጥ ሆነው የሚያዜሙ ስለመሰሏት አምፕሊፋየር፣ ጥንድ እስፒከርና ባለሙያዎቹ ዳክ የሚሏትን ትንሽ ሳጥን ገዛች። ላፕቶፑ ድምፅን የሚይዘው በቁጥር ነው፤ ዳኳ ቁጥሩን በዩኤስቢ ገመድ ተቀብላ ወደ ድምፅ ትመልሰዋለች። ጥሩ ዕቃ ነበር። ዳባት ሳሎን ውስጥ ደረደረችውና መሪጌታ አስረስን ጠራች።

ሁለት ቀሳውስት አስከትለው መጡ። የኔታ ማዜም ጀመሩ። ከድምፃቸው ጀርባ ቀጭን፣ የሚያንሿሿ፣ ቀለበት ከቀለበት ሲጋጭ የሚመስል ነገር ይሰማ ነበር።

ለማያውቅ ልንገር፤ በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፣ ጽናጽል አይንሿሿም። መዘምራኑ መቋሚያቸውን ይዘው ብቻ ነው የሚያዜሙት።

"መሪጌታ ጥበቡ" አሉ አስረስ፣ "መምህርዎ በጾም ጽናጽል ይመቱ ነበር?"

"እንዴት ተደርጎ።"

"እንግዲያው የምሰማው ምንድን ነው? ጾም አልነበረም ማለት ነው። ለጨዋታ የተቀዳ ነገር ነው። በጨዋታ ተማሪ አልመዝንም።" መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ።

ስንዱ መጀመሪያ የደወለችው ዕቃውን ለሸጠላት የጎንደር ነጋዴ ነው። "ገመዱ ተራ ስለሆነ ነው እህቴ፤ ወርቅ ቅብ ገመድ አለኝ" አላት። የደመወዟን ብዙውን ቆርሳ ገዛችው። ጽናጽሉ እንደነበረ ነው። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። የዩኤስቢ ገመድ በውስጡ አራት ቀጫጭን ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ቁጥሩን ያደርሳሉ፣ ሁለቱ መብራት ያደርሳሉ። ቁጥሩ ላይ ችግር የለም፤ ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም። ችግሩ መብራቱ ላይ ነው። ላፕቶፕ ውስጡ ገበያ ነው፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ማራገቢያ ያዞራል፤ ያ ሁሉ ግርግር በመብራቱ ሽቦ ተንጠልጥሎ ዳኳ ቤት ይገባል። ወርቅ ደግሞ መብራት በማስተላለፍ የታወቀ ነው። ግርግሩን በክብር አጅቦ አደረሰው።

ይህን ሁሉ ያኔ ብናገር ኖሮ ባልተናደድኩ። ስንዱ ስትጠራኝ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከፈተችው። የየኔታን ድምፅ ሰማሁ። ሌላ ምንም የለም።

"የቱ ነው ጽናጽሉ?" አልኳት።

"ይኸው እኮ አያ ደሳለኝ፣ እየተመታ ነው።"

"የለም።"

"አባዬ፣ ይሰማዎታል?"

"ይሰማኛል እንጂ" አሉ መሪጌታ ጥበቡ።

አባትና ልጅ ተያዩ። ዕድሜ ልኩን ድምፅ ሲያሳድድ የኖረ ሰው በዚህ ጊዜ ምን ይላል? ጆሮዬ አይለየውም ይላል? እኔ ያልኩት፣ "አዎ፣ አሁን ያዝኩት። የካሴቱ እርጅና ነው። ሱቄ ወስጄ አጸዳዋለሁ" ነው። ያዝኩት። ምኑን ያዝኩት።

በኮምፒውተር ድምፅ የሚያጸዳ ፕሮግራም አለ፤ ድምፁን በሥዕል ያሳያል። ለእንደኔ ዓይነቱ ደንቆሮ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ወፍራሙ ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ይሣላል። ደግነቱ በግልባጩ ላይ ነው የሠራሁት። ከላይ ያለውን እንደ ገብስ አጭጄ ጣልኩ፤ ደከም ደከም ያለውንም ሁሉ እንዲያጠፋ አዘዝኩት። አዳመጥኩት፤ ለእኔ ምንም አልተለወጠም። እንዴት ይለወጣል? ያጨድኩት የማልሰማውን ነው። "ጸድቷል" ብዬ ላክሁ።

ስንዱ መሪጌታ አስረስን ለምና አመጣቻቸው። እኔም ፊት ወንበር ላይ ተጎልቻለሁ፤ ምስጋና ልቀበል። ዜማው ተጀመረ፣ ያች ቦታ ደረሰች፣ አለፈች። ከዚያ መሪጌታ አስረስ እየሳቁ እንዲህ አሉ፦

"ጽናጽሉ እንዳለ ነው። የጠፋው ርክርኩ ነው። ይኸው፣ መምህርዎ ራሳቸው እንደ እኔ ዘርግተው ነው የሚያልፉት። እግዚአብሔር ይስጥህ አያ ደሳለኝ፣ ደከምክ።"

በሠራሁት ሥራ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም። የየኔታን ርክርክ በገዛ እጄ ቆርጬ ለባላጋራቸው ምስክር አደረግኋቸው። መሪጌታ ጥበቡ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። በማግሥቱ ሌሎች ተማሪዎች ዕቃቸውን ሲሸክፉ በር ላይ ቆመው መረቋቸው። እኔን ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ስናደድ ሰነበትኩ። ሰው ሲናደድ አንዳንዴ ያስባል። ፋይሉን እንደዚያ አጭጄውም ጽናጽሉ ካለ፣ ድሮም ፋይሉ ውስጥ አልነበረም። የሚመጣው ከቤቱ ነው። ጋሽ በየነ ቢሆኑ ወንበራቸውን አዙረው ሲቀመጡ ያገኙት ነገር ነው። ወደ ዳባት ተመለስኩ።

"መሪጌታ" አልኳቸው፣ "ጽናጽሉን እኔ አልሰማውም።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ድምፅ ማጉያችን እያፏጨ 'ተስተካክሏል' ብለህ ከመሰላሉ የወረድክ ጊዜ።"

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ነገርኩህ እንጂ። 'እርስዎንም ያቆይልን' ብለኸኝ ሄድክ።"

ስንዱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትሳቅ፤ ይገባኛል።

እንግዲህ ተስማማን። ጆሮው የእርሳቸው፣ እጁ የእኔ። መሪጌታን ጀርባቸውን ለዕቃው ሰጥተው አስቀመጥኳቸው። ምንም ሳላዘፍን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

"አለ?"

"አለ።"

"የኔታ እኮ ገና አልጀመሩም።"

"ጽናጽሉ ግን ጀምሯል" አሉ።

ፋይሉን እንኳ እንዳልከፈትኩ ለስንዱ ላሳያት ብዬ ማውሱን ጎተት አደረግሁ።

"አሁን በረታ" አሉ መሪጌታ።

እጄን አቆምኩ። "አሁንስ?"

"ቀነሰ።"

ማውሱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወዘወዝኩት። ሳቃቸው መጣ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ "ደሳለኝ" አሉ፣ "በጾም ጽናጽል የምትመታው አንተ ነህ እንዴ?"

ይኸው ነው ጉዱ። ማውሱ በተነቃነቀ ቁጥር ላፕቶፑ ሥራ ይበዛበታል፤ ግርግሩ በዩኤስቢው መብራት ላይ ተሳፍሮ ዳኳ ውስጥ ገብቶ ይንሿሿል። ዜማውን ለመክፈት ማውሱን የነካ ሁሉ የየኔታን ጾም ሲያስፈታ ኖሯል።

ከዚያ እንደ ጋሽ በየነ አንድ በአንድ መንቀል ያዝን። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩ፤ "ትንሽ ቀነሰ፣ አለ" አሉ፤ መለስኩት። ፍሪጁን ነቀልኩ፤ "ያው ነው"፤ መለስኩት። የአምፕሊፋየሩን ገመድ በጣቴ እየተከተልኩ ምንጣፍ ለምንጣፍ ስሄድ ጓዳ ደረስኩ።

"ስንዱ፣ የጓዳው መብራት ከየት ነው የመጣው?"

"ከአጎቴ ቤት የተሳበ ነው። የእኛ ቆጣሪ አልችል ብሎ።"

ላፕቶፑ ከአንድ ቆጣሪ፣ አምፕሊፋየሩ ከሌላ ቆጣሪ ይበላሉ። የሁለቱ ቤት መብራት የሚገናኘው ደግሞ በዚያች ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ነው። ወንድማማቾቹ ተስማምተው ይኖራሉ፤ መብራታቸው ግን ሲገናኝ ያጉረመርማል። ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካሁት። ወፍራሙ ጉርምርምታ ጠፋ፤ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ስለነበር እሱን እኔም ሰማሁት፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁት፤ ለደስታዬ።

ቀጭኑ ቀረ። ለእሱ መነጠያ አዘዝኩ፤ ክብሪት የምታህል ነገር ናት፤ በዩኤስቢው ገመድ መካከል ትገባና ቁጥሩን ታሳልፋለች፣ የላፕቶፑን መብራት ግን በር ላይ ታስቀረዋለች። ሰዎች እዚህ ላይ ደግሞ ይሳሳታሉ። መነጠያዋ ለዳኳ መብራት ራሷ ልትፈጥርላት ትችላለች፤ ርካሽ ከሆነች ግን እሱንም ታቆሽሸዋለች። የስንዱ ዳክ ከጀርባዋ የራሷን መብራት የምትቀበልበት ቀዳዳ አላት፤ የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም ነበር። ያ ነጋዴ ይህን ሳያሳያት ወርቅ ሸጠላት። መነጠያዋ ስትደርስ ገመዱ መካከል አስገባኋትና እዚያ ቀዳዳ ላይ የስንዱን ስልክ መሙያ ፓወር ባንክ ሰካሁበት። ባትሪ ሐሜት አያውቅም።

"አሁንስ መሪጌታ?"

እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

"መሪጌታ?"

"ዝም በል" አሉ። "ቤቱ ዝም ብሏል።"

ዜማውን አልከፈትንም። "መሪጌታ አስረስ ሳይሰሙት እኔ ብቻዬን አልሰማውም" አሉ። ስለዚህ ደባርቅ ሄጄ መሪጌታ አስረስን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠበቅኋቸው።

"ሦስተኛ ጊዜ አልመጣም" አሉኝ ገና ሳልናገር። "ዕቃህን ሽጠህ ብላ።"

ይህን ጊዜ ድምፄ ከፍ አለ፤ ደንቆሮ ሲቆጣ መጠኑን አያውቅም። "መሪጌታ፣ በጾም ጽናጽል የመታሁት እኔ ነኝ። የየኔታን ርክርክ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። የሞተ መምህር በእኔ ጥፋት ይታማል። እርስዎ ግን ባለፈው ሲስቁ ነበር። አልቅሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልመጣብዎትም ነበር።"

ከበስተኋላ ሰው መቆም ጀመረ። መሪጌታ አስረስ ወደ ሰዉ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። "መኪና ይዘሃል?" አሉኝ።

ዳባት ስንደርስ ሳይቀመጡ፣ "መታሁ ካልክ እስኪ ምታው" አሉ። መነጠያዋን አወጣሁ፤ ገመዱን በቀጥታ ሰካሁት፤ ማውሱን ነቀነቅኩ። አንገታቸውን ሰበር አድርገው አዳመጡ። ማውሱን ከእጄ ወሰዱት፤ ራሳቸው ወዘወዙት፤ ቆሙ፤ ደግመው ወዘወዙት።

"አሁን እርስዎም መቱ" አልኳቸው።

ስንዱ "አያ ደሳለኝ" ብላ ገላመጠችኝ። መነጠያዋን መለስኩ፤ ፓወር ባንኩን ሰካሁ። መሪጌታ አስረስ ማውሱን አንድ ጊዜ ነቀነቁት። ቤቱ ዝም። ተቀመጡ።

የኔታ ጀመሩ፤ ያልታጨደው፣ የመጀመሪያው። ያች ቦታ ስትደርስ የኔታ በርክርክ አወረዷት። በፊታቸው ላይ አየሁት እንጂ ቀጭኑን ትርግብግብታ በጆሮዬ አልያዝኩትም፤ አልዋሽም። ቀጥሎ የመጣውን ግን ሰማሁ። የኔታ ሲያበቁ ከሩቅ፣ ከክፍሉ ጥግ፣ ተማሪዎቻቸው ተቀበሉ። እስከዚያ ቀን በላፕቶፑ እስፒከር ጠፍተው፣ በዳኳ ጽናጽሉ ሸፍኗቸው፣ ኋላም የእኔ ማጭድ ቆርጧቸው ማንም አልሰማቸውም። ከመካከላቸው አንድ የጎረምሳ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይወጣል፤ በአፍንጫው ነካ አድርጎ፣ በጉሮሮው ጨብጦ የሚያወጣ። ያን ድምፅ ደባርቅ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ዛሬ ወፈር ብሏል እንጂ ያው ነው። ልጁ ያችን ቦታ በርክርክ፣ ከየኔታ አፍ እንደወረደች፣ አንድ ደረጃ ሳያጎድል አወረዳት።

ሁላችንም ወደ መሪጌታ አስረስ አየን። እርሳቸው እስፒከሩን ያያሉ።

"ድገመው" አሉ።

ደገምኩት። ጣታቸው በጉልበታቸው ላይ ከጎረምሳው ጋር ይወርዳል።

"ማን ይሆን ልጁ?" አሉ መሪጌታ ጥበቡ፣ በለሆሳስ።

አስረስ ጣታቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። "እኔ አይደለሁም" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ልጁ ግን በትክክል ነው የተቀበለው።"

መቋሚያቸውን አንሥተው ተነሡ። ይቅርታ አላሉም። ለየኔታም፣ ለመሪጌታ ጥበቡም፣ ለእኔም፤ እኔስ ይቅርብኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ያንን የሚያህል ሰው ራሱን በጆሮው ሰምቶ ራሱን ካደ።

በር ላይ ደርሰው ቆሙ። ከጎጆዎቹ የቀሩት ተማሪዎች ተነሥተው እጅ ነሷቸው። አስረስ አንዱን ጠቀሱት። "ያችን በልልኝ" አሉት። ልጁ ደነገጠ፤ ጀመረ፤ ያች ቦታ ስትደርስ አፉን ዘጋ፤ እዚያ ላይ ነው ሁልጊዜ የሚመልሱት። ወደ መምህሩ አየ፣ ወደ መዛኙ አየ።

መሪጌታ አስረስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ መሬት እያዩ፣ "ምን ቆምክ?" አሉት። "በርክርክ አውርዳት። ቀጥል።"